የአባወራው ጣት

ይህን የምጽፈው ስለ አምስት ሰዎች ነው። ማን ማን እንደሆኑ አስቀድሜ ልናገር።

የመጀመሪያዋ ልጄ ታደለች ናት። ተበላ ከተማ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። ድምጿ ዝግ ያለ ነው፤ ካለች ግን አለች ነው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ዓለሚቱ ናት። ስትናገር በወላይትኛ ነው፤ አማርኛ ትሰማ እንደሆነ ጠይቋት የሚያውቅ የለም፣ እኔም ጭምር። ሦስተኛው ሄባና ነው፤ የእድራችን ሊቀ መንበር፣ የልጅነት ባልንጀራዬ፣ ሲቀልድ እንኳ ፊቱን የማይፈታ ሰው። አራተኛው አቶ ይታገሱ ይባላሉ። ከጎጃም ተመድበው መጥተው ሶዶ በምርጫ ጽሕፈት ቤት ይሠራሉ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ባሳ፣ ልብስ ሰፊው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልጨምር፤ ያለዚያ ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚያሳፍረኝ አይገባችሁም። የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ጸሎት ቤት ውስጥ፣ ከመዝሙር መጽሐፍ ነው። መዝሙሩን በቃሌ ስለማውቀው፣ ጉባኤው ሲዘምር እኔ በጣቴ መስመሩን እየተከተልኩ የትኛው ቃል የት እንደተቀመጠ ለየሁ። ከዚያ በኋላ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ አነብ ጀመር። የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የግብር ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ ሰው ሁሉ እየያዘ ወደ ስፌት መኪናዬ ይመጣል። ከሩቅ አገር ሰባኪ ሲመጣ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። የእድሩ ጸሐፊም እኔ ነበርኩ። ነበርኩ እያልኩ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

በቤቴ ከሁሉ የከበደው ኃጢአት ውሸት ነበር። ታደለች ገና ተማሪ ሳለች አንድ ቀን የውጤት ካርዷ ላይ ወላጅ የሚፈርምበትን ቦታ ራሷ ፈርማ ሰጠች። እኔ ለገበያ ሻንቶ ወርጄ ስለነበር፣ መምህሩ እንዳይቆጣት ብላ ነው። ይህን ባወቅሁ በማግስቱ እጇን ይዤ ትምህርት ቤት ወሰድኳት፤ በሰልፉ ፊት አቁሜ፣ “የአባቴን እጅ ሰርቄ ፈርሜአለሁ” አሰኘኋት። ልጆቹ ሳቁ። እሷ አላለቀሰችም። ይህን ታሪክ በጸሎት ቤት ስለ ልጅ አስተዳደግ በተናገርኩ ቁጥር እደግመው ነበር። ታደለች እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትሰማኛለች።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። በክልሉ ምክር ቤት የእኛን አካባቢ የወከሉት ሰው ታመው ዐረፉ። ቀብሩ ካለፈ ከጊዜ በኋላ ወንበሩ በማሟያ ምርጫ እንደሚሞላ ማስታወቂያ ወጣ፤ የቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ለማንበብ ቀድመው ከሄዱት አንዱ ነበርኩ። ፓርቲ የሌለው ሰው በግሉ መወዳደር ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ምርጫ ክልል ከሚኖሩ ሰዎች የድጋፍ ፊርማ አሰባስቦ፣ ከነዋሪነት ማስረጃና ከፎቶግራፍ ጋር፣ ምዝገባው ሳይዘጋ ማቅረብ አለበት። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ለማያነቡት በወላይትኛ አስረዳሁ። በዚያች ሰዓት ይህ ወረቀት እኔ ቤት ይገባል ብዬ አላሰብኩም።

በሳምንቱ ታደለች እራት ላይ ጎደሬውን እየላጠች እወዳደራለሁ አለች። ከክፍሏ ሴት ልጆች ግማሹ ከሰዓት በኋላ አይመጡም። ውሃ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ቆላው ውስጥ የተቆፈረው ጉድጓድ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ ጉድጓድ ምክር ቤት ውስጥ አንድም ሰው ተነስቶ ሲናገር አልተሰማም። ይህን ነበር የምትለው። እኔ ተቃወምኩ። ፖለቲካ የሰው ስም የሚያጎድፍ ነገር ነው አልኳት። ሰማችኝና በነጋታው ሶዶ ሄዳ የድጋፍ መፈረሚያ ቅጾቹን አመጣች። ያን ጊዜ፣ ካልቀረ በንጽሕና ይሁን፣ የቤቴን ስም ይዘሽ ትወጫለሽና አደራ፣ አልኳት። አዎ፣ እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ።

እሷም በንጽሕና ነበር የጀመረችው። ከትምህርት ቤቱ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ፣ በእግሯ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ቅጹን ታነብላቸዋለች፤ ለምን እንደሆነ ታስረዳለች፤ የሚጽፍ ይፈርማል፣ የማይጽፍ አውራ ጣቱን ይጭናል። ቆላ ድረስ ወረደች። ችግሩ ሴቶቹ ጋ ነበር። ጉድጓዱ የእነሱ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ቅጹን ስታወጣ እጃቸውን ወደ ኋላ ይስቡታል። “እሱ ይምጣ፣ እሱ ይወቅ” ይላሉ። ባልየው እስኪመጣ ትጠብቃለች፤ ወይም ተመልሳ ትሄዳለች። አንዱን ቤት ሦስቴ የሄደችበት ጊዜ አለ። ቀኑ እየተጠጋ መጣ፤ ፊርማው ግን ጎደለ። ብዙ አይደለም፤ ሆኖም ጎደለ።

ምዝገባው ሊዘጋ ሲል በመጣው እሑድ የእድራችን ስብሰባ ነበር። ታደለች ለፎቶግራፉና ለነዋሪነት ማስረጃው ቅጂ ሶዶ ሄዳ ነበር። ያልተሞሉትን ቅጾች እኔ ጋ ትታለች።

የእድራችንን ልማድ ልንገራችሁ። ሊቀ መንበሩ ሰው አይጠራም፤ ቤት ነው የሚጠራው። “የባሳ ቤት?” ሲል እኔ “አለን” እላለሁ። እኔ አለን ካልኩ ሚስቴም አለች፣ የደረሱ ልጆቼም አሉ፤ ለቅሶ ቤት ወጥ የሚሠሩት፣ ድንኳን የሚተክሉት፣ መቃብር የሚቆፍሩት እነሱ ናቸው፤ አለን የሚለው ግን አንድ ሰው ነው። ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው። ይህን የምነግራችሁ ለማመካኛ አይደለም። ነገሩ እንዴት ቀላል እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው።

ስብሰባው ሲያልቅ የቅጹን ነገር አነሳሁ። ሄባና ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ ልጅቷ በየጓሮው ዶሮ እንደሚያባርር ሰው የምትሮጠው ለምንድን ነው አለ። ከዚያም እንደ ልማዱ ጀመረ።

“የባሳ ቤት?”

“አለን” አልኩ።

“ቤትህ ስንት ጣት አለው?”

ሰው ሳቀ። ከቅጹ ግርጌ ደጋፊው በራሱ እጅ ይፈርማል፣ ለሌላ ሰው መፈረም ክልክል ነው የሚል መስመር ነበር። ያቺን መስመር አንብቤአታለሁ። አላየሁም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር። ዓይኔ አረፈባት፤ ከዚያ ብዕሬን አነሳሁና የዓለሚቱን ስም ጻፍኩ። እሷ በዚያች ሰዓት ከመሰብሰቢያው ዳስ በስተጀርባ ከሴቶቹ ጋር ነበረች፤ ድምጿ ይሰማኛል። የማኅተም ቀለሙን ከፍቼ የግራ እጄን አውራ ጣት ነከርኩና በስሟ አንጻር ጫንኩ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልነበረም። ሄባና ቤቶቹን ይጠራል፤ እኔ የየቤቱን ሚስትና የደረሱ ልጆች ስም ከአእምሮዬ እጽፋለሁ፤ አባወራው በየስሙ አንጻር ጣቱን ይጭናል። እንዳይመሳሰል ተብሎ ለእያንዳንዱ ሌላ ጣት ይነከራል። ሄባና የራሱን ቤት ሲሞላ አሥሩንም ጣቶቹን ጨርሶ፣ “ያኔ እንዲህ መሆኑን ባውቅ ልጅ በልክ እወልድ ነበር” አለ። ተሳሳቅን። እጃችንን በስፌት ቁራጭ ጨርቅ ጠርገን ተለያየን። ሴቶቹ ከዳሱ ጀርባ ወጡ፤ የጣቶቻችንን ጥቁረት አይተው ምን እንደሠራን ጠየቁ። ሄባና፣ የእድር ጉዳይ ነው አላቸው።

ታደለች አመሻሽ ላይ ከሚኒባስ ወርዳ መጣች። ቅጾቹን ሰጠኋት። ቆማ ገለጠቻቸው፤ ፊቷ በራ፤ ቀጥሎም ዝግ አለች።

“አዋ፣ እነዚህን ሴቶች ራስዎ አነጋገሯቸው?” አዋ ማለት በእኛ ቋንቋ አባት ማለት ነው።

“አባትሽ የሰበሰበው ወረቀት ነው” አልኳት። ከዚህ ሌላ አልተናገርኩም። አየችኝ። ቅጾቹን አስተካክላ ፖስታ ውስጥ ከተተች። አንባቢዎቼ፣ በዚያች ቅጽበት ልጄ ሕጉን ትታ እኔን አመነች። በሕይወቷ ዋሽቻት ስለማላውቅ እንደገና መጠየቅ ነውር መሰላት። ያጠራቀምኩትን እምነት ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አወጣሁት።

በነጋታው አብረን ሶዶ ሄድን። አቶ ይታገሱ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፣ ወረቀቱን ሳይቸኩሉ ገጽ በገጽ የሚያዩ ሰው ናቸው። ማስረጃዎቹን ተቀበሉ። መወዳደሪያ ምልክት እንድትመርጥ ሥዕሎች ያሉበትን ወረቀት አቀረቡላት። ታደለች ጀሪካን ፈለገች፤ ጀሪካን የለም። “እንግዲያው ባልዲው ይሁን” አለች፤ አቶ ይታገሱም ፈገግ ብለው መዘገቡ። ሲያሰናብቱን፣ ፊርማዎቹ ለሕዝብ እይታ ቀበሌ እንደሚለጠፉ፣ ከፈረሙት ጥቂቶቹንም እየጠሩ እንደሚጠይቁ ነገሩን። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ታደለች ግን ደረጃውን ስትወርድ እንደ ልጅ ሁለት ሁለት እየዘለለች ነበር። ለአንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ አይቻት አላውቅም።

የማጣራቱ ቀን በገበያ ቀን ዋለ። የቀበሌው ግቢ ውስጥ ማንጎው ሥር ጠረጴዛ ተቀመጠ። ስማቸው የተጠራ ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ባሎቻቸው ከአጥሩ ሥር ቆመዋል፤ ገበያተኛውም ሸክሙን እያወረደ መሰብሰብ ጀመረ። ታደለች ዕጩ ስለሆነች ከጠረጴዛው ጎን ወንበር ተሰጥቷት ነበር። አቶ ይታገሱ ሊያስተረጉምላቸው የመጣው ሠራተኛ ድንገት አሞት በሚኒባስ ወደ ዱቦ ሆስፒታል መሄዱን ተናገሩና ማን እንደሚረዳቸው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አመለከተ። የዕጩዋ አባት መሆኔን ሲሰሙ ትንሽ አመነቱ።

“አቶ ባሳ፣ ሰዉ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል አይደል?” አሉኝ።

“ይሰማል።”

“እንግዲያው ምስክሩ ብዙ ነው። በሐቅ ይተርጉሙልኝ።”

ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩ። ከአጥሩ ሥር የቆሙት ወንዶች ሁሉ ያን እሑድ ጣታቸውን የነከሩ ናቸው፤ ምንም ብል አንዳቸውም አፍ አይከፍቱም። ይህንን አሰብኩት። ሳስበው ደግሞ ልቤ ተረጋጋ። አሁን ሳስታውስ ከሁሉ የሚያስጠላኝ ያ መረጋጋት ነው።

በቅድሚያ የተጠራችው የሄባና ባለቤት ማርታ ናት። አቶ ይታገሱ ወረቀቱን አሳይተው ይህ አሻራ የእሷ መሆኑን ጠየቁ፤ ተረጎምኩላት። ማርታ ወደ አጥሩ ወደ ባሏ አየች። ከዚያም በወላይትኛ፣ “ሄባና ለቤታችን ፈርሜአለሁ ብሎኛል። እሱ ከፈረመ እኔ ምን እላለሁ?” አለች።

አቶ ይታገሱ ትርጉሜን ጠበቁ።

“ፈርሜአለሁ ትላለች” አልኩ።

አቶ ይታገሱ ምልክት አደረጉ። ከጎኔ የወንበር እግር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ታደለች ቀና ብላ እያየችኝ ነበር። አልዞርኩም።

ሁለተኛዋ ዓለሚቱ ነበረች። ከወንበሩ ተነስታ ነጠላዋን አስተካክላ መጣች። ባለቤቴን እንደ ምስክር ፊት ለፊቴ ቆማ አይቻት አላውቅም። ጥያቄውን ተረጎምኩላት። ወረቀቱን በእጇ ልትይዘው ፈለገች፤ ሰጧት። ለዓይኗ አቅርባ አየችው። ማንበብ አትችልም፣ ምኑን ታየዋለች ብዬ አሰብኩ።

በተጋባን ሰሞን የስፌት መኪናው መርፌ የግራ አውራ ጣቴን በስቶ ቁልቁል ሰንጥቆት ነበር። ጠባሳው ጣቴን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይከፍለዋል። ወረቀቱም ላይ፣ በጥቁሩ አሻራ መሐል አንዲት ነጭ መስመር ወርዳ ነበር።

ዓለሚቱ ያቺን መስመር በጥፍሯ ነካቻት። “ይህ ጠባሳ የባሌ ነው” አለች በወላይትኛ። “ቁስሉን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ልጄ ናት፤ ብጠየቅ አሥሩንም ጣቴን እሰጥ ነበር።”

አቶ ይታገሱ ብዕራቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

“ምን አሉ?”

ይህን ቃል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ። ያልኩትን ግን ብያለሁ።

“የኔ ነው ትላለች።”

ዓለሚቱ ዓይኗን ከወረቀቱ አንስታ አየችኝ። በዚያች አተያይ አማርኛ እንደምትሰማ አወቅሁ። ምናልባት ሁልጊዜም ትሰማ ነበር። ደንበኞቼ ፊት፣ ሰባኪዎቹ ፊት፣ እሷ አትሰማም እያልኩ ስለ እሷ ያወራሁትን ሁሉ ሰምታለች ማለት ነው። ቢሆንም አላጋለጠችኝም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች።

የተነሳችው ታደለች ናት።

“አዋ፣ ይቀመጡ። ደክሞዎታል” አለችኝ፤ የራሷን ወንበር ወደ እኔ አዞረችልኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞራ በአማርኛ፣ “አቶ ይታገሱ፣ እናቴ ያለችው ይህን አይደለም። አሻራው የአባቴ ነው አለች። አልተጠየቅሁም ነው ያለችው። ወይዘሮ ማርታም ፈርሜአለሁ አላሉም፤ ባሌ ፈርሞልኛል ነው ያሉት” አለች። ድምጿ እንደ ሁልጊዜው ዝግ ያለ ነበር። ክፍል ውስጥ የቤት ሥራ የምታርም ትመስል ነበር።

አቶ ይታገሱ መነጽራቸውን አወለቁ። “መምህርት፣ ይህን ሲተረጉሙ ምን እንደሚከተል ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ። ቅጹን አንብቤዋለሁ።”

“እንዲህ ያሉት ፊርማዎች ከተሰረዙ ይጎድልብዎታል። ምዝገባው ደግሞ ተዘግቷል። ተመልሰው መሰብሰብ አይችሉም።”

“ይገባኛል። የቀሩትንም ይጠይቋቸው፤ እኔ አልተረጉምም፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ደግሞም ዕጩነቴን የምተውበትን ወረቀት እንድጽፍ ይፍቀዱልኝ።”

ከገበያተኛው መካከል አንዲት ጤና ረዳት ተገኘችና ለቀሩት ሴቶች አስተረጎመች። አንድ በአንድ፣ አልተጠየቅሁም፣ አልተጠየቅሁም አሉ። ወንዶቹ ከአጥሩ ሥር አንድ በአንድ ሹልክ ይሉ ጀመር። ሄባና ግን አልሄደም፤ ቆቡን አውልቆ እስከ መጨረሻው ቆመ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። እኔ ታደለች በሰጠችኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከጠረጴዛው ጥግ ጎንበስ ብላ የመውጫ ወረቀቷን ስትጽፍ አያለሁ። ስሟን ጻፈች። ቀጥሎ የእኔን ስም ጻፈች፤ የአባት ስም ነውና መጻፍ ነበረባት። ፈረመች።

ሁሉም ሲያልቅ ከቆላ የመጡ፣ አቧራ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ጣታቸውን አውጥተው ለአቶ ይታገሱ አሳዩ። “የኔስ?” አሉ በወላይትኛ። “የኔ ጣት እኮ የራሴ ነበረች።” ማንም አልተረጎመላቸውም። አቶ ይታገሱ ግን የገባቸው መሰለኝ፤ ከወንበራቸው ተነስተው የሽማግሌውን እጅ ጨበጡ።

ወደ ቤት ስንሄድ ሦስታችንም በአንድ መንገድ ነበርን፤ ነገር ግን አብረን አልሄድንም። የውጤት ካርዱን ነገር ታነሳብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በሰልፉ ፊት ያሰኘኋትን ቃል መልሳ ብትወረውርብኝ ይቀለኝ ነበር። አላነሳችም። እስከ ዛሬም አላነሳችም። እኔ ነኝ ስንገባ በሩ ላይ ቆሜ፣ “ታደለች፣ እጅሽን ሰረቅሁ” ያልኳት። “የእኔን ሳይሆን የእናቴን ነው” አለችኝና ጫማዋን አውልቃ ገባች።

የምክር ቤቱ ወንበር ተሞልቷል፤ በሕጉ መሠረት የተወዳደረ ሌላ ሰው ገብቷል። ስለ ጉድጓዱ ተናግሮ እንደሆነ አልሰማሁም። ታደለች ወደ ክፍሏ ተመልሳለች። አንዳንድ ጎረምሶች በስፌት ቤቴ በኩል ሲያልፉ፣ “ባልዲው ቀዳዳ ነበረው እንዴ፣ ጋሽ ባሳ?” ይሉኛል። ድሮ ቢሆን መቀስ ይዤ እነሳ ነበር። አሁን፣ ቀዳዳው እኔ ነበርኩ እላቸዋለሁ፤ እነሱ ናቸው የሚያፍሩት።

አባት የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሕግን ለልጅ ማስተማር ከባድ አይደለም። የሚከብደው፣ የራስ ልማድ ከሕጉ ጋር ሲጋጭ ልማዱ ውሸት መሆኑን ማወቅ ነው። እኔ በዚያች እሑድ የዋሸሁ አልመሰለኝም፤ ቤቴን የወከልኩ ነው የመሰለኝ። ለሰው ሁሉ አፍ የሆንኩ ሰው የገዛ ሚስቴን አፍ ዘግቼ ኖሬአለሁ። ደግሞም እወቁ፦ ልጅ ያስተማራችሁትን በትክክል ከተማረ፣ አንድ ቀን ያንኑ ትምህርት ይዞ በእናንተ ፊት ይቆማል። ያን ቀን ወንበር አዙሮ ተቀመጡ ካላችሁ፣ ተቀመጡ።

የእድሩን ጸሐፊነት ለቅቄአለሁ። ሰባኪ ሲመጣም ሌላ ሰው ያስተረጉማል። ሄባና አሁን ቤት አይጠራም፤ በየስሙ ይጠራል፤ ስብሰባው ረዝሟል እያለ ያማርራል፣ ግን ይጠራል። ዓለሚቱ በልብስ ስፌት ጠመኔዬ በጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስሟን መጻፍ ተለማምዳለች። ያስተማረቻት ታደለች ናት። እኔ ላስተምርሽ ብያት ነበር፤ አይ፣ ተወው አለችኝ።

እንግዲህ ሒሳቡን ልዝጋ። ታደለች ዕጩነቷን፣ ያለ ደመወዝ ያለፉ ወራቷንና በአባቷ ቃል ላይ የነበራትን እምነት ከፈለች። ሄባና በሚስቱ ፊት የነበረውን ሞገስ ከፈለ። ከቆላ የመጡት ሽማግሌና እንደሳቸው በሐቅ የፈረሙት ሁሉ ጣታቸውን ከፈሉ። ተማሪዎቹ ሴት ልጆች ዛሬም ከሰዓት በኋላቸውን ይከፍላሉ። ዓለሚቱ ለልጇ ልትሰጥ የምትችለውን ብቸኛ ነገር፣ ሳትጠየቅ ተነጠቀች። እኔ ስሜን ከፈልኩ። ይህ ሁሉ የተከፈለው ያን እሑድ ከስብሰባው ዳስ ፊት ለፊት ተነስቼ ወደ ጀርባው፣ ሴቶቹ ወዳሉበት፣ ያቺን አጭር መንገድ ሄጄ፣ “ዓለሚቱ፣ ትፈርሚያለሽ?” ሳልል ስለቀረሁ ነው።